ግማሽ ኩባያ ሽሮ

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ የመሸኛ ኬኬን የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ወጣቶቹ የወጥ ቤት ሠራተኞች ቢላዋ ይዘው ከየት እንደሚጀምሩ ሲከራከሩ ተቀበልኳቸውና በቁመቱ ስምንት፣ በወርዱ ስድስት አድርጌ አርባ ስምንት እኩል ቁራጭ አወጣሁ። ሳቁብኝ። አንዷ «ዛሬ እንኳ አይለቅህም?» አለችኝ። አይለቀኝም። አሥራ አራት ዓመት ለሌላ ሰው ምግብ ሲመጥን የኖረ ሰው ዓይኑ ራሱ ሚዛን ይሆናል። ክሬም የበዛበትን የማዕዘን ቁራጭ ለራሴ አነሳሁ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ በልቼ ጨረስኩ። ሁለተኛ አላነሳሁም። አንድ ቁራጭ ደግሞ ለባለቤቴ ለጽጌ በወረቀት ሳህን ጠቅልዬ ያዝኩ።

ከሠራተኞቹ ሦስቱ ኬኩን አልነኩትም። አንዱ ዳቦና ሩዝ ትቷል። አንዷ ሥጋና እንቁላል ብቻ ነው የምትበላው። ሦስተኛዋ የጎመን ሾርባ ሳምንት ላይ ነበረች። ሦስቱንም ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ በየሁለት ወሩ አንድ ነገር ይተዋሉ፣ በሦስተኛው ወር የተዉትን ከነወለዱ ይበሉታል። ልገሥጻቸው አስቤ ነበር፤ ገሣጭ መሆኔን ልጄም ባለቤቴም ይመሰክራሉ። ግን በመሸኛዬ ቀን አልቆጣም ብዬ ዝም አልኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ዝም ማለቴ ከነከነኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው። የማውቀው በነጻ አልመጣም፤ ዋጋውን በብዛት የከፈለችው ደግሞ እኔ ሳልሆን ጽጌ ናት።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ዲቪ ደርሶን ከጽጌና ከልጃችን ከሕሊና ጋር አትላንታ ስንገባ ዕድሜዬ ከአርባ አምስት አልፎ ነበር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ቀሪውን መዝገበ ቃላት ገልጬና ሰው ጠይቄ ያገኘሁት ነው፤ በዚህ እኮራለሁ፤ ይኸው ኩራት በኋላ ጎድቶኛል። ብራያርክሊፍ መንገድ አጠገብ አፓርታማ ተከራየን። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሰው ይፈልጋል ሲሉኝ ሄጄ ፎርም ሞላሁ፣ በሳምንቱ ዕቃ አጠባ ጀመርኩ። ደመወዙ ለኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ዕቃ አጠባን የሚንቅ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ከሕሙማን ክፍል የሚመለሰው ትሪ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ምን እንደተበላ፣ ምን እንደቀረ አያለሁ። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ። ብዙው ሰው መብላት የሚያቆመው ሲጠግብ ሳይሆን ሳህኑ ሲያልቅ ነው። ትንሽ የተሰጠውም ጠርጎ ይመልሳል፣ ብዙ የተሰጠውም ጠርጎ ይመልሳል። ያኔ ይህ የሚጠቅመኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወደ ትሪው መስመር አዛወሩኝ። መስመሩ ማለት ረጅም ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ነው። ባዶ ትሪ ከአንድ ጫፍ ይነሳል፤ በላዩ የታማሚው ክፍል ቁጥርና የተፈቀደለት ምግብ የተጻፈበት ቲኬት አለ። እያንዳንዳችን በአንድ ምግብ ፊት ቆመን ቲኬቱን አንብበን ድርሻችንን እናስቀምጣለን። የምንቀዳበት አይስክሬም የሚወጣበትን ዓይነት ክብ ማንኪያ ነው፤ ስኩፕ እንለዋለን። መጠኑ የሚታወቀው በእጀታው ቀለም ነው። ግራጫው ግማሽ ኩባያ ይይዛል፣ አረንጓዴው ከዚያ ያንሳል፣ ሰማያዊው ሩብ ኩባያ ነው። እኔ ሩዝና የድንች ገንፎ ፊት ቆምኩ፤ የእኔ ግራጫው ነበር።

የመስመሩ አለቃ ሚስ ሩቢ ይባላሉ። ከደቡብ ጆርጂያ የመጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ከሁለት ቀን በላይ ስሜን በሙሉ ለመጥራት አልሞከሩም፤ ተሰማ የሚለውን ቆርጠው «ቴስ» አሉኝ፣ በዚያው ቀረ። በየምግብ ሰዓቱ ቀበቶው ከመነሳቱ በፊት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። ሳህን አንስተው ሁሉንም ምግብ በትክክለኛው ስኩፕ ራሳቸው ይቀዳሉ፣ የሞላውን በቢላዋ ጀርባ ጠርገው አፉን እኩል ያደርጋሉ፣ እያንዳንዱን ሚዛን ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ሳህኑን ከመስመሩ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ ልክ በዓይናችን ከፍታ ያቆሙታል። «ይኼ ነው ምሳ» ይሉናል። እጅ ሳያስበው ይለምዳል፣ ሃያኛው ሳህን ላይ ሲደርስ ያበዛል፤ ስለዚህ በየሃያው ቀና ብላችሁ ናሙናውን እዩ ይሉን ነበር። እሳቸውም ያዩ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሴት፣ እንደ ጀማሪ ቀና እያሉ።

አበላላቸውንም አጠናሁት። እኛ ምሳ ከማቅረባችን በፊት እንበላለን። ሌሎቹ በምሳቸው ሰላጣ ይበሉና ቀኑን ሙሉ ቆመው ድንች ጥብስ ይቆነጥራሉ። ሚስ ሩቢ ቆመው አንድም ነገር አፋቸው አይገባም። በትንሿ የዳቦ ሳህን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ፣ የተጠበሰውንም ዶሮ፣ የኮክ ጣፋጩንም ያደርጋሉ፣ ተቀምጠው በዝግታ ይበላሉ፣ ሹካቸውን ያስቀምጣሉ፤ አለቀ። የደንብ ልብሳቸው ቁጥር በሠላሳ ዓመት አልተለወጠም ይባል ነበር። አንድ ቀን ጣፋጭ እየበሉ እንዴት እንደማይወፍሩ ስጠይቃቸው «የተውኩት ምግብ የለም፤ የት እንደሚያበቃ ግን አውቃለሁ» አሉኝ።

እኔ ግን የት እንደሚያበቃ አላወቅኩም። አፉ እኩል የሆነ ስኩፕ ለሰው መስጠት ንፉግነት ይመስለኝ ነበር። ባደግንበት ቤት ለእንግዳ በልክ የሚቀዳ የለም፤ ልክ ስድብ ነው። ሚስ ሩቢ ፊታቸውን ባዞሩ ቁጥር ሩዙን ከመር አድርጌ እሰጥ ነበር። በተለይ አራተኛ ፎቅ የተኛ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ቲኬቱ ጀርባ ላይ «አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፎ ይመልሳል። ለእሱ አብልጬ ከመርኩለት። ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ስኳሩ አልወርድ ሲል ሐኪሞቹ በትሪው ላይ የተጻፈውን ሩዝ አምነው ኢንሱሊኑን ጨመሩለት። በአምስተኛው ቀን እኔ ዕረፍት ወጣሁ። የተካኝ ሰው በልኩ ቀዳለት፤ መድኃኒቱ ግን ለእኔ ክምር የተሰላ ነበር። ሽማግሌው ላብ አጥምቆት መታጠቢያ ቤት ወድቆ ተገኘ። ግንባሩ ተሰፋ፤ ነፍሱ ተረፈች።

የፎቁ ነርስ ወርዳ ማን እንደቀዳ ስትጠይቅ እኔ ነኝ አልኩ። ሚስ ሩቢ ሚዛኑ ጋ ወሰዱኝና እንደ ልማዴ እንድቀዳ አዘዙኝ። ቀዳሁ፣ መዘኑ። እሳቸው አስተካክለው ቀዱ፣ መዘኑ። የእኔ የእሳቸውን አንድ ተኩል ነበር።

«ይኼን ትርፍ ለማን ነው የሰጠኸው ቴስ?»

«ለሰውየው።»

«አይደለም። ደግ ነኝ እንድትል ለራስህ ነው የሰጠኸው። ለሰውየው የደረሰው መውደቁ ነው።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፈረምኩ። ወረቀቱ ተረስቷል፤ ንግግሩ አልተረሳም። ከዚያ በኋላ የእኔን ያህል አፉን እኩል አድርጎ የሚቀዳ ሰው በመስመሩ አልነበረም። ዓመታት አለፉ፣ ረዳት አለቃ አደረጉኝ። ትምህርቱን በጨረሰ ሰሞን የመጣ አንድ ወጣት ኃላፊ መስመሩን ለማፍጠን ሚዛኑን ሊያስነሳ ሞከረ። የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ፤ ሚስ ሩቢ ዳር ቆመው ፈገግ አሉ። ልጁ በስምንተኛ ወሩ ሄደ፣ ሚዛኑ ቀረ። ልክ ማወቅ የእኔ ሙያ ሆነ። ሙያዬን ይዤ ቤቴ ስገባ ግን ያጠፋሁትን አሁን ልናገር።

ስኔልቪል ቤት ገዝተን ከገባን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። መኝታ ቤቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው አሥራ አራት ነው። ጽጌ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ትንበረከካለች፣ ትነሳለች። ጉልበቷ ያብጥ ጀመር። ክብደቷም ከሀገር ቤት ከመጣች ወዲህ እየጨመረ ሄዶ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው፣ የእኔን ግን ማንም አላነሳውም። ማታ ስትወጣ አምስተኛው ደረጃ ላይ ትቆማለች፣ የግድግዳውን ብረት ትይዛለች፣ ትተነፍሳለች። አንድ ሰሞን ከአምስተኛው ተመልሳ መውረድ ጀመረች። ከዚያ አንሶላዋን ይዛ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ሆነ። ሐኪሙ የቀኝ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው፣ ከዚያ በፊት ግን ክብደቷ መውረድ እንዳለበት ነገራት። በየስድስት ወሩ ነይና እናያለን አላት።

ጽጌ እንደ ሁሉም ሰው በመተው ጀመረች። እንጀራ ተወች። ስድስት ሳምንት ያለ እንጀራ ኖረች፤ ቀነሰች፤ አንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ስድስቱን ሳምንት በአንድ ቅዳሜ ካሰች። ከዚያ ዘይት ተወች፣ ከዚያ ማታ መብላት ተወች። ዐቢይ ጾም ሲገባ እሱም ይቀንሰኛል አለች። ጾም ለነፍስ የተሰጠ እንጂ ለወገብ አይደለም፤ ደግሞስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሁለት የሚበቃ ሽሮ እየበሉ ምን ይቀነሳል? በመጨረሻ ከጀመረችበት በላይ ሆነች። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው አልኩ። ባለሙያው እዚህ እያለሁ ለምን ትሰቃያለች አልኩ።

ዕቃ መሸጫ ሄጄ ግራጫ እጀታ ያለው ስኩፕ ገዛሁ፣ ሚዛን ገዛሁ፣ እንደ ሆስፒታሉ ክዳን ያለው ሳህን ገዛሁ። ቲኬትም ጻፍኩ። «ጽጌ፣ ምሳ» ብዬ፣ ሥሩ መጠኑን ዘርዝሬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። እሷ ከባለ ክዳኑ ሳህን ለብቻዋ ትበላለች፤ እኔና ሕሊና ከጎኗ ከትልቁ ትሪ አብረን እንበላለን። በቤታችን አንድ ሰው ለብቻው ሳህን የሚቀርብለት ተላላፊ በሽታ ሲይዘው ብቻ መሆኑን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። አውቅ ነበር። ውጤቱ ይበልጣል ብዬ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ጥሩ ቀነሰች፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። የእሷን ክብደት፣ በእኔ አፍ።

ከዚያ ቆመ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ምንም። ሚዛኑን መረመርኩ፣ ስኩፑን መረመርኩ። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ሳጥብ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ዶራቪል ካለው ሱቅ የምንገዛበት የእንጀራ ላስቲክ አገኘሁ፤ ባዶ ነው። ከጎኑ አዋዜ የደረቀበት ትንሽ ዕቃ አለ። በሱቁ መኪና ማቆሚያ ቁጭ ብላ ትበላ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ላስቲኩን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ ያስብ ነበር። እኔ ይዤው ገባሁና ሕሊና በተቀመጠችበት ጠረጴዛው ላይ፣ በጽጌ ፊት አስቀመጥኩት። ስለ ሐቀኝነትም ተናገርኩ፤ ረዘም አድርጌ።

ሕሊና ያኔ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። «አባዬ፣ ስቶፕ» አለችኝ። «ማሚ ፔሸንት አይደለችም። ሲሪየስሊ፣ ቲኬት ጽፈህባታል እኮ።»

ለአባት እንዲህ አይነገርም ብዬ እሷንም ገሠጽኩ። ጽጌ ላስቲኩን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሳትቆጣ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «መኪና ውስጥ የሚያየኝ የለም» አለችና ተነሳች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኛ ጋር መብላት ተወች። ባለ ክዳኑ ሳህን እንደተከደነ ይውላል። የቀነሰችው ተመለሰ። የስድስት ወሩን ቀጠሮ ደውላ ካንስል አደረገችው፤ እኔ የሰማሁት ከሕሊና ነው። ሶፋው ላይ ያለው አንሶላ ጠዋት ጠዋት መነሳቱ ቀረ። በአንድ ትሪ ሃያ ዓመት ስንበላ በቀን አንዴ ሳታጎርሰኝ የቀረችበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ በዚያ ዓመት አንዲት ጉርሻ አላየሁም። ጥፋቴን የማውቅበት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ማመን ግን አልፈለግኩም።

ሚስ ሩቢ በዚያ ጸደይ ጡረታ ወጡ። ቤቴ መጥተው ምሳ ይበላሉ ብዬ ለዓመታት ስናገር ነበርና አንድ እሑድ ጠራኋቸው። ጽጌ እንግዳ ይመጣል ሲባል ጉልበቷን ረስታ ስትሠራ ዋለች፦ ቀይ ወጥ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ትልቁን ትሪ ሞላችው። ከጎኑ የእሷን ክዳን ያለውን ሳህን እኔ አስቀመጥኩ፤ እንግዳዬ ሥራዬን እንዲያዩልኝ።

ሚስ ሩቢ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ሳህኑን አዩት። «ታማለች?» አሉኝ።

ጽጌ በራሷ እንግሊዝኛ መለሰች። አልታመመችም፤ ባሏ የወጥ ቤቱ አለቃ ነው አለቻቸው።

ክዳኑን አነሱት። እያንዳንዱ ግማሽ ኩባያ አፉ እኩል፣ ጠርዙ ንጹሕ። «ሥራህ ጥሩ ነው» አሉ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ትልቁ ትሪ ዞሩ።

«የዚኛውስ ናሙና የት አለ?»

«ይኼ ናሙና የለውም። ይኼ የቤተሰቡ ነው።»

«እነማን ናቸው የሚበሉት?»

«እኔና ልጄ። ዛሬ ደግሞ እርስዎ።»

«ይኼ ለአሥር ሰው ይበቃል። አንተ የት ላይ ነው የምታቆመው?»

«ስጠግብ» አልኳቸው።

«እስኪ ቀበቶህን አሳየኝ።»

ሕሊና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የመጨረሻው ቀዳዳ አልበቃ ብሎኝ በምስማር ሌላ በስቼ ነበር። ጽጌም አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት።

ሚስ ሩቢ ግን አልሳቁም። «ቴስ፣ መስመሩ ላይ ናሙና የማቆመው ለአንድ ታማሚ ነበር? ለሁሉም ነው። እዚህ የምትለካው ምግቡን አይደለም፣ ሴትዮዋን ነው። ሁሉም ዝም ብሎ በሚበላበት ቤት አንድ ሰው ብቻ ሲለካ፣ ቅጣት ነው።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ስኩፑን አምጣ። ለእኔ አይደለም። ወጡን የሠራችው ማን ናት?»

አመጣሁና ለጽጌ ሰጠኋት። በእጇ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ በቤቷ ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ዕቃ ነው፣ አንድ ቀን አልያዘችውም። ተነስታ ጓዳ ገባች። ቆሎ የምታቀርብበትን ትንሹን ትሪ ይዛ ወጣች። ሁለት እንጀራ እያንዳንዱን ለሁለት ከፍላ አራት ግማሽ በአራት አቅጣጫ ዘረጋች። በየግማሹ ላይ ከየወጡ አንድ አንድ ስኩፕ አደረገች፤ ጎመኑን መሐል ላይ ሳትለካ ከመረችው። ከሥር የሚነጠፈውን እንጀራ አላነጠፈችም። እሱን ከሆስፒታሉ ሚዛን ጋር አሥር ዓመት የኖርኩት እኔ አስቤው አላውቅም። እኛ እንጀራ ስንቆጥር ከላይ የምንቆርሰውን ነው የምንቆጥረው፤ ዘይቱንም መረቁንም የጠጣው፣ በመጨረሻ ጠርገን የምንበላው የሥረኛው ግን በማንም ሒሳብ አልገባም። ወጥ የምትሠራ ሴት ታውቀዋለች።

ሚስ ሩቢ በእጃቸው በሉ፤ ጣታቸው ተሳሰረ፣ ሕሊና አስተማረቻቸው። ጽጌ ጠቅልላ ስታጎርሳቸው አኝከው ሲጨርሱ «ይኼ ከማን የተቆጠረ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሕሊና ተረጎመች። ጽጌ ትንሽ አሰበችና ከእኔ ነው አለች፤ ያጎረሰ ሰው ከራሱ ድርሻ ይቆጠርበታል። በቤታችን እስከ ዛሬ የሚሠራው ሕግ የወጣው ያኔ ነው፤ ሕግ አውጪዋም እኔ አይደለሁም። ለሕሊናም አጎረሰች። ለእኔ አላጎረሰችኝም። የሥራዬ ነበር።

ያን ቀን ማታ ቲኬቱን ከፍሪጁ ላይ አነሳሁ። ክዳን ያለውን ሳህን ጣልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀርፋፋ ነበር፤ ቀርፋፋ ስለሆነም ነው የቆየው። ከቤታችን የተወገደ ምግብ የለም። ሥጋውም ቅቤውም አለ። ሽሮ ግማሽ ኩባያ ነው፣ እንጀራ ግማሽ ነው፣ ትሪው ትንሹ ነው፣ ተቀምጠን ነው የምንበላው። ፋሲካ ሲሆን ዶሮ ወጡ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ነው፤ ግን እውነተኛ ዶሮ ወጥ ነው፣ ያለ ቅቤ የተሠራ አስመሳይ አይደለም። ብራያርክሊፍ ሬስቶራንት ክትፎ ስናዝዝ ጽጌ ገና አንድ ጉርሻ ሳታነሳ ግማሹን በዕቃ አስቋጥራ ከወንበሯ ሥር ታስቀምጣለች። አስቸጋሪው የሰው ቤት ነው። በሞቴ እያሉ የሚጨምሩ አሉ። እሷ ዘዴ አገኘችለት፤ ከሁሉም ኋላ ትጨርሳለች፣ በፊቷም ሁልጊዜ አንድ ጉርሻ የሚሆን ታስቀራለች። ፊቱ ባዶ ላልሆነ ሰው ማንም አይጨምርም።

እኔስ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ራበኝ። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ሌላውን ስመጥን እንዲህ እንደሚርብ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ቦታ ቆሜ ከድንች ጥብሱ ቆነጠርኩ። በማግስቱም ደገምኩ። ማንም አላየኝም። ከሥራ ስመለስ ዶራቪል ከባቡር ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩና ሳላስነሳ ቆየሁ። ያ የእንጀራ ላስቲክ የተገዛበት ሱቅ ከማቆሚያው ይታያል። ጽጌ እዚያ ቁጭ ብላ ምን ይሰማት እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ስለ ሐቀኝነት ያደረግኩት ንግግርም ቃል በቃል ትዝ አለኝ።

በዕረፍት ቀኔ ምሳ ላይ፣ ሕሊና ባለችበት፣ ያንኑ ጠረጴዛ ላይ ተናገርኩ። «ሁለት ቀን ቆሜ በልቻለሁ» አልኩ። «ላስቲኩንም በፊትሽ ያስቀመጥኩት አጥፍቼ ነው።»

ሕሊና ስልኳን አስቀመጠች። ጽጌ ከፊቷ ካለው ግማሽ እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮውን ጨለፍ አድርጋ ጠቀለለች፣ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «ከእኔ ነው የሚቆጠረው» አለች። ካጎረሰችኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖን ነበር።

ቀበቶዬ በዓመቱ አራት ቀዳዳ ገባ፤ በምስማር የበሳሁት አሁንም አለ፣ አልጣልኩትም። ጽጌ ካንስል ያደረገችውን ቀጠሮ ራሷ ደውላ አስያዘች። ሐኪሙ ምን ትተሽ ነው ብሎ ሲጠይቃት ምንም አለችው፤ ያላመናት ይመስላል። ቀኝ ጉልበቷ ተሠራ፣ ግራው ሸክሙ ሲቀልለት ራሱ በረታ። ሶፋው ላይ አሁን የምተኛው እኔ ነኝ፣ ከምሳ በኋላ።

ሆስፒታሉ መስመሩን ባለፈው ዓመት ነቅሎታል። ታማሚ ዛሬ ከአልጋው ስልክ ደውሎ ያዛል፤ ናሙናው የሚቆምበት መደርደሪያ ላይ የትዕዛዝ መቀበያ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። አልተቆጣሁም። ሚስ ሩቢም ደውዬ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ትልቁን ትሪ ምን አደረጋችሁት ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው፤ አሥር ሰው ሲመጣ ይወጣል።

ልጆቼ ለሆናችሁ ሁሉ የምለው አጭር ነው። ምንም አትተዉ። የት እንደሚያበቃ እወቁ፤ ሌላ ሰው ከመለካታችሁ በፊትም ከዚያው ስኩፕ ራሳችሁ ብሉ።

በመሸኛዬ ቀን ከሰዓት በኋላ ያቺን የኬክ ቁራጭ ይዤ ቤት ገባሁ። ጽጌ ወረቀቱን ገልጣ አየቻት፤ ጠርዟ ቀጥ ያለ መሆኑን አይታ እኔ መቁረጤን አወቀች። በቢላዋ ለሁለት ከፈለቻት። ግማሹን ለነገ ብላ ፍሪጅ ከተተች፣ ግማሹን ተቀምጣ በዝግታ በላች፤ መጨረሻዋን ለእኔ አጎረሰችኝ። «ከእኔ ነው» አለች። ከዚያ የታጠበ ልብስ የሞላ ቅርጫት አነሳችና ወደ ፎቅ መውጣት ጀመረች።

ልርዳሽ ብዬ አልተነሳሁም። ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ አዳመጥኩ። አምስተኛው ላይ አልቆመችም። አሥራ አራቱንም ቆጠርኩ።